የተዘለሉት ሰከንዶች

ልብስ ሰፊዋ የቀሚሱን ዚፕ ቀይራ ቀና ስትል የእናቷ ወንበር ባዶ ነበር። እናቷ መርሳት ከጀመራቸው ሁለት ዓመት አልፏል፤ ከሱቁ ብቻቸውን ከወጡ አይመለሱም። ሕንፃው ፊት ለፊት ደግሞ ከባድ መኪና የሚከንፍበት አውራ ጎዳና አለ።

ጎረቤት ሱቆችን ጠየቀች፣ ደረጃውን ወጣች ወረደች፤ ያየ የለም።

«ካሜራውን እንይ፣ ልጄ» አሉ የሕንፃው ሽማግሌ ዘበኛ።

ጥበቃ ክፍል ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ የካሜራው ቅጂ በብሮውዘር ይከፈታል። የሚጀምረው ከጠዋት ነው፤ እሷ የምትፈልገው እናቷ የጠፉበትን የስምንት ሰዓቱን። ከቪዲዮው ግርጌ መስመሩ ላይ ያለችውን ነጥብ ወደ ቀኝ ጎተተች። የመጠበቂያው ክብ ዞረ፣ ዞረ፣ ከዚያ ጠዋት ኮሪደሩን የምትጠርገው ሴትዮ ብቅ አለች። ደግማ ጎተተች። አሁንም ጠራጊዋ።

«ኧረ በፈጠራችሁ! እናቴን መኪና ሊገጭብኝ ነው!»

ዘበኛው ወደ ጎዳናው ሮጡ። ካሜራውን የገጠመው ኤሌክትሪሽያን ተጠራ። የሕንፃው ሰው «ደርሻለሁ» እያለ ነው የሚጠራው፤ ደርሻለሁ ብሎ የደረሰበት ቀን ስለሌለ። የዚያን ቀን ግን እያለከለከ ከተፍ አለ።

«አትጎትቺው፣ እህቴ። ብሮውዘሩ የስምንት ሰዓቱን ቁራጭ ስጠኝ ብሎ ይጠይቃል፤ ቅጂው ያለበት ማሽን ግን ቆርጦ መስጠት አያውቅም፤ ሁሌ ከመጀመሪያው ነው የሚያቀብለው። ፋይሉን በሙሉ እናውርደው፤ ያኔ የፈለግንበት እንዘላለን።»

«ስንት ይፈጃል?»

«አስር ደቂቃ።»

ከውጭ ፍሬን ሲጢጥ ባለ ቁጥር ዓይኗን ትጨፍናለች። አስሩ ደቂቃ ዓመት ሆነባት።

ወርዶ እንዳለቀ ጎተተች። እናቷ በግራጫ ሹራባቸው ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል። ትንሽ ገፋ አደረገችው፤ ኮሪደሩ ባዶ። መለሰችው፤ እናቷ። ገፋችው፤ ባዶ።

«የት ገባች? ሰው እንዲህ ብን ይላል?»

«እየዘለለብሽ ነው። ቪዲዮው ሙሉ ሥዕል የሚይዘው በየጥቂት ሰከንዱ ነው፤ ስትጎትቺው ለመፍጠን ብሎ ቅርብ ያለው ላይ ያርፋል፤ በመሃል ያለውን ያልፈዋል። መልሺና ተይው፣ ራሱ ይሂድ።»

እጇን ከማውሱ አነሳች። እናቷ ግድግዳውን እየዳበሱ ሄዱ፤ በስተግራ ገርበብ ያለ በር ገፍተው ገቡ። ወዲያው አንድ የቧንቧ ሠራተኛ መጣ፤ ወደ ውስጥ ሳያይ በሩን ዘጋ፣ ቆለፈ፣ ሄደ።

ኤሌክትሪሽያኑ አመድ መሰለ። «የፓምፑ ክፍል! የውሃ ጉድጓዱ ክዳን ለጥገና ተነስቷል።»

ተያይዘው ሮጡ። ቁልፍ ለመፈለግ ጊዜ አልነበረም፤ በሩን በትከሻው ገነጠለው። ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ነው።

«እማዬ!»

ፓምፑ ብቻ ያጓራል። ዘላ ልትገባ ስትል ኤሌክትሪሽያኑ ክንዷን ጨምድዶ ያዘና የስልኩን መብራት አበራ። እናቷ ጉድጓዱ አፍ ላይ፣ እግራቸውን ወደ ውሃው አንጠልጥለው ተቀምጠዋል። አንድ እግራቸው ባዶ ነው።

«ጫማዬ ወደቀ» አሉ ጎንበስ እያሉ። «ላወጣው ነው።»

«እኔ አወጣዋለሁ፣ እማዬ። እንዳትንቀሳቀሽ።»

በሆዷ ተሳበች። ሹራቡን ጨበጠች፤ ኤሌክትሪሽያኑ ከኋላ ብብታቸውን ይዞ ጎተተ። ሦስቱም እርጥቡ ወለል ላይ ተዘረሩ። እናቷ ስለ ጫማቸው ተቆጡ፤ እሷ ሹራባቸውን እንደጨበጠች ቀረች።

ከዚያ ወዲህ ልብስ ሰፊዋ ማሽኗን ወደ በሩ አዙራ ነው የምትሰፋው። ያም ሆኖ መርፌው እየሄደ ዓይኗ ቶሎ ቶሎ ወደ እናቷ ወንበር ይነሳል።