ገጽ ዐሥራ አራት

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር፤ ሌሊቱን የወረደው የሐምሌ ዝናብ አባርቶ ጣና ላይ ስስ ጉም ተኝቷል።

መምህር አካሉ ዘጌ ላይ ከጀልባዋ ሲወርድ አንድ እግሩ ውኃ ውስጥ ገባ። እጁን ግን ከደረቱ አላላቀቀም፤ ከኮቱ ሥር በላስቲክ የጠቀለለው የፈተና ወረቀት አለ። ወረቀቱ የገብረ ኪዳን ነው፤ ባለፈው ሳምንት በኳንተም ሜካኒክስ ወድቆ ከባሕር ዳሩ ኮሌጅ የተሰናበተው የሦስተኛ ዓመት ተማሪ። የተሰናበተ ወጣት ቀጣይ መንገዱ ብሔራዊ ውትድርና ነው። አካሉ ቀዩን እስክሪብቶ ሲያነሣም ይህን ያውቅ ነበር።

ያላወቀው ሌላ ነው። ጥያቄው በሁለት ግድግዳዎች መካከል ስለታሰረች ቅንጣት ነበር፤ ከማዕበል ቀመሯ ፊት የሚቆመውን ቁጥር ፈልጉ የሚል። ቅንጣቷን በየቦታው የማግኘት ዕድል ተጠራቅሞ ሲደመር አንድ መምጣት አለበት፤ የሆነ ቦታ መኖሯ አይቀርምና። አርባ አንድ ተማሪዎች ቁጥሩን ከመምህሩ ማስታወሻ ገጽ ዐሥራ አራት እንደ ሸመደዱት ጻፉ፤ ሙሉ ነጥብ አገኙ። ገብረ ኪዳን ብቻ ራሱ አስልቶ ሌላ ቁጥር አመጣ፤ ዜሮ አገኘ፤ የጣለችውም ያቺው ዜሮ ናት። ትናንት አካሉ ማስታወሻውን ለማባዣ በአዲስ ስቴንስል ሊያስመታ ሲያገላብጥ፣ ገጽ ዐሥራ አራትን ለመጀመሪያ ጊዜ በእጁ አሰላው። ድምሩ ግማሽ መጣ። ደግሞ ሠራው፤ ያው ግማሽ። ቁጥሩን በተማሪነቱ ዘመን ከያዘው ደብተር ገልብጦ ስድስት ዓመት አስተምሮበታል።

ከዚህ የባሰው ግንቦት ላይ የሆነው ነው። ገብረ ኪዳን በክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ግማሿ የት ሄደች?» ብሎ ጠይቆት ነበር።

«እሱን አባትህን ጠይቅ» አለው አካሉ። «የጠፋ መፈለግ የደብተራ ሥራ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ገብረ ኪዳን አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

አሁን አካሉ ልጁን ከቡናው ሥር አረም ሲነቅል አገኘው። አባቱ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተነሥተው እጅ ነሡ።

«እርስዎ ነዎት መምህሩ? ይህ ልጅ ግማሽ ጠፋብኝ ሲል ነው የከረመው። ይዘውልን መጡ?»

አካሉ ፈገግ ማለት አቃተው። ጀልባዋ ላይ የጻፈውን ማመልከቻ አውጥቶ ለገብረ ኪዳን ዘረጋለት።

«ፈርምበት። ነጥቤ ሲደመር ተሳስቷልና ይታይልኝ ይላል። ሰኞ የኮሌጁ አካዳሚክ ኮሚሽን ሳይሰበሰብ አስተካክለዋለሁ። ማንም አይጠይቅም።»

ገብረ ኪዳን ጭቃ በነካው እጁ እንዳያቆሽሸው ወረቀቱን በጠርዙ ይዞ አነበበ።

«ድምሩማ ልክ ነው መምህር። ወረቀቴን ያሳዩኝ ዕለት ደጋግሜ ደመርሁት።»

«አውቃለሁ። አንተን ለመመለስ ያህል ነው።»

«ገጽ ዐሥራ አራትስ?»

ሰኞ የሚሰበሰበው ያው ኮሚሽን ለዶክትሬት ወደ ኪየቭ የሚሄደውን ሰው ይመርጣል። አንደኛው ዕጩ እሱ ነው፤ ያሳጨውም ያ ማስታወሻ።

«አዘዘን ያውቁት የለ፣ አጠገቤ የሚቀመጠውን?» አለ ገብረ ኪዳን። «ውጤት የተለጠፈ ዕለት ‹ማስታወሻው እያለ ማን አስላ አለህ?› ብሎ ሳቀብኝ። ቁጥሩ ለምን እዚያ እንደ ቆመ ስጠይቀው ‹ቀመሩ ነዋ!› አለኝ። አርባ አንዱም እንዲሁ ይዘውት ሊቀሩ ነው?»

«አንተ ልጅ!» አሉ መሪጌታ፤ ፈገግታቸው ጠፍቷል። «የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ትናንት ለውትድርና ስምህን ጽፎ ሄዷል። ስለ አርባ አንዱ ኋላ ታስባለህ። ፈርም!»

ገብረ ኪዳን እጁን በሱሪው ጠረገ። «እሺ አባ» አለና እስክሪብቶውን ተቀብሎ አንገቱን ደፋ።

አካሉ ያንን አንገት ያውቀዋል።

«ቆይ» አለ። ወረቀቱን ከእጁ ወሰደ፤ ገልብጦ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ በጀርባው ጻፈ፦ «ስሕተቱ የእኔ ነው። ማስታወሻዬ ገጽ ዐሥራ አራት ላይ ያለው ቁጥር ትክክል አይደለም። ልክ ብዬ ያረምሁት የአርባ አንድ ተማሪዎች መልስ ስሕተት፣ የሰረዝሁት የገብረ ኪዳን መልስ ልክ ነው።» ስሙን ጽፎ ፈረመ፤ በላስቲክ ከተጠቀለለው ፈተና ጋር አንድ ላይ አድርጎም መልሶ ሰጠው።

«አንተው ያዘውና እንሂድ» አለ። «እኔ ጋ ካደረ እስከ ሰኞ ሐሳቤን እቀይር ይሆናል።»

መሪጌታ አንዱን ካንዱ እያዩ ቆሙ፤ ከዚያ የልጃቸውን ነጠላ ሊያመጡ ወደ ቤት ገቡ።

የስምንት ሰዓቷ ጀልባ ሁለቱን ይዛ ወደ ባሕር ዳር ተነሣች።