የአያታችን ራስ ልክ

በምሠራበት ሙዚየም ምድር ቤት ሁለት የሰው ራስ ቅሎች በአንድ ሳጥን ተገኙ። ምልክታቸውን እርጥበት በልቶታል። አንደኛው የእኛ፣ የአውስትራሊያው መሪ ወንዝ ነባር ሰዎች፣ አያት ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ከመቃብሩ ያወጣው ሐኪም የአንጎሉን ቦታ ለክቶ በመዝገቡ ጽፏል፦ 1352 ሚሊ ሊትር። ሁለተኛው የተመዘገበበት ገጽ ተቀዷል። የእናቴ ታላቅ እህት ቬርና ዓርብ አያታችንን ወደ ወንዙ ልትመልሰው ነው። የትኛው እንደሆነ የምነግራት ደግሞ እኔ ነኝ።

የድሮ ሰዎች የራስ ቅል የሚለኩት በትናንሽ የእርሳስ ብረት ድብልብሎች ሞልተው፣ መልሰው መስፈሪያ ውስጥ በመገልበጥ ነበር። ያንኑ ልድገመው ብዬ አክስቴን ብጠይቃት፣

«አንዴ ጆንያ አድርገውታል፤ ይበቃዋል» አለችኝ።

ስለዚህ በሲቲ ስካን ለካሁ። አንዱ 1301፣ ሌላው 1349 ሆነ። ለ1352 የሚቀርበው ግልጽ ነው። ሰኞ ደውዬ ነገርኳት። ስልኩ ላይ አለቀሰች።

ማክሰኞ የአጥንት ክፍሉ ኃላፊ ግሌኒስ ሻይዋን እንደያዘች መጣች።

«ሐኪሙ በትክክል ለክቷል ያለህ ማነው?»

«ቁጥሮቹ ተቀራረቡ እኮ።»

«የእኔና የባሌ ጫማም ቁጥሩ ይቀራረባል። ሰውየው ሌላ ምን ለክቷል?»

መዝገቡን ገለጥኩ። ፈረስ፣ ካንጋሮ፣ የባሕር አንበሳ፣ ዲንጎ የሚባለው የዱር ውሻ፤ በድምሩ አሥራ አንድ እንስሳት። ሁሉም ከነምልክታቸው መደርደሪያ ላይ አሉ። ሁለት ቀን ሙሉ በስካነሩ አሳለፍኳቸው። ፈረሱ በመዝገቡ 676፣ በእኔ 650። ካንጋሮውም ዲንጎውም እንደዚያው፤ ሁሉም ከመቶ አራት እጅ ገደማ ተጨምሮባቸዋል። ሐኪሙ ድብልብሎቹን በጣቱ እየጠቀጠቀ ይሞላ ነበር ማለት ነው። ከ1352 ያንን ትርፍ ስቀንስ 1300 ቀረ፤ አያታችን 1301 የሆነው ነው።

የሌላ ሰው አያት ልሰጣት ነበር።

ሐሙስ አክስቴ ስትመጣ አስቀምጬ ስህተቴን ከነቁጥሩ ነገርኳት።

«ታዲያ ሰኞ ለማን ነው ያለቀስኩት?»

«አላውቅም አክስቴ። ወገኖቹን እየፈለግን ነው።»

«ይሁን። ለእሱም የሚያለቅስ ያስፈልገው ነበር። አሁንስ እርግጠኛ ነህ?»

«አሥራ አንዱም እንስሳት የሚሉት አንድ ነገር ነው። እኔ አምኛለሁ።»

«እነሱ ዩኒቨርሲቲ ስላልገቡ አይዋሹም። በል አሳየኝ።»

መደርደሪያው ዘንድ ወሰድኳት። በፈረሱ ግንባር ላይ መዳፏን አሳርፋ በቋንቋችን አመሰገነችው። ወደ ካንጋሮው አለፈች፣ ከዚያ ወደ ዲንጎው፤ አንዱንም አልዘለለችም። ግሌኒስ በሩን ይዛ ቆማለች።

«ሐኪሙንስ?» አለቻት።

«እሱን ፈጣሪ ያመስግነው። እኔ ሥራ አለብኝ።»

ዓርብ ጠዋት አያታችንን እንደ ወጋችን በባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ አሳልፈን ወሰድነው። አክስቴ መንገዱን ሁሉ ጭኗ ላይ አድርጋ ያዘችው። የሞተ ሰው ነውና ስሙን አንጠራም፤ እሷ ግን ወንዙ ሲታይ «ደርሰሃል» አለችው።

መቃብሩ አፍ ላይ ቤተ ዘመዱ በዕድሜ ተሰለፈ። ግሌኒስ ከኋላ፣ ከመኪናዎቹ አጠገብ ቀርታለች። አክስቴ ዞራ አየቻት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን ትሠሪያለሽ እዚያ? ነይ።»

እጇን ይዛ ሰልፉ ውስጥ ከእኔ ፊት አቆመቻት።