ያሸነፈችው ትራክተራችን

በእርሻ ውድድሩ ያሸነፍነው እኛ ነን። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ የኋላውን ሳወራ ሰው ሁሉ «ተሸንፋችሁ ነበር ማለት ነው» እያለ ስለሚያናድደኝ ነው። አልተሸነፍንም! አዲሷ ቢጫ ትራክተራችን ድንጋያማውን መሬት ቀጥ አድርጋ አርሳ ስትጨርስ፣ ሰው ከአባቱ ጀምሮ የሚያውቀው ግራጫው ትራክተር ግማሽ ላይ ጭስ እየተፋ ቆሞ ነበር። ነዳጅ የምትጠጣውም ከእሱ ያነሰ ነው። አጎቴ ከደስታው ብዛት ባርኔጣውን ወርውሮ የማያውቀው ሰው ራስ ላይ አሳረፈው።

በማግስቱ ሱቃችንን ከወትሮው ቀድሜ ከፈትኩ፣ መስታወቱን ወለወልኩ፣ ገዢ ቆሞ እንዳይጉላላ ብዬ ወንበር ደረደርኩ። እስከ ምሳ ሰዓት የመጣው የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ነው። ከመንገዱ ማዶ ካለው የግራጫው ሱቅ ግን ሦስት ትራክተር ሲወጣ በዓይኔ በብረቱ አየሁ።

«ጋሼ፣ ሰዎቹ ዓይን የላቸውም እንዴ?» አልኩት አጎቴን።

«እኔንም ግራ የገባኝ እሱ አይደል!» አለ።

ባሕር ማዶ ያሉት አምራቾች የጻፉለት ደብዳቤ ኪሱ ውስጥ ነበር። እስከ ወሩ መጨረሻ አንዲት ትራክተር እንኳ ካልሸጠ ውክልናውን ነጥቀው ለሌላ ይሰጡታል። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ዕቃ ሲሸጥ የኖረ ሰው፣ በስተርጅና የራሴ የሚለው ያን ውክልና ብቻ ነው። ወሩ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል።

ዋጋ ቀነስን። «ምን ብትሆን ነው እንዲህ የረከሰችው?» ተባለ። ወደ ነበረበት መለስነው። «ተወደደች» ተባለ። የባሰ አታምጣ ብዬ ዋጋውን ዳግም አልነካሁም።

በውድድሩ ዕለት መዳፋቸው እስኪቀላ ያጨበጨቡልን አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። እሳቸውን ከማዶው ሱቅ ሲወጡ ሳያቸው ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም። ሮጬ መንገድ ላይ ያዝኳቸው።

«አባባ፣ ያጨበጨቡት ለእኛ አልነበረም?»

«ለእናንተ ነው እንጂ።»

«ታዲያ እዚያ ምን ይሠራሉ?»

«ነገ ልገዛ ነዋ።»

«የእነሱ እኮ መሃል ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ!»

«እሱን አይቼ አይደል!» አሉ ፊታቸው በርቶ። «ቆመ፤ መካኒኩ ከሰው መሃል ወጣ፣ ሥሩ ገባ፣ ሁለት ነገር ነካካ፣ አስነሳው። የእናንተዋ ግን አልቆመችም። ስትቆም ማን እንደሚያስነሳት በምን ልወቅ?»

«እሷ አትቆምም!»

«ልጄ፣ የማይቆም የለም። እኔም አንድ ቀን እቆማለሁ» ብለውኝ ሄዱ።

ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ሲባል ሰምቻለሁ። ትራክተርንም ይጨምራል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ግራ እንደገባኝ ወደዚያ መካኒክ ጋራዥ ሄድኩ። ገበሬዎቹ «ሐኪሙ» ነው የሚሉት።

«የእኛ ቢጫ ብትበላሽ ትሠራታለህ?»

«ሆዷን አይቼው አላውቅም» አለ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ያላየሁትን ሆድ እንዴት አድርጌ ላክመው?»

«ነገ ናና እያት። ነገ ግራጫውን ሊገዙ ያሉትን ሽማግሌም ይዘሃቸው ና።»

አጎቴ ሲሰማ አበድሽ አለኝ። ሞተሯ ላይ የአምራቾቹ የሽቦ ማኅተም አለ፤ እሱ ከተቆረጠ ዋስትናዋ ይሰረዛል። እጃችን ላይ ያለችው ደግሞ እሷው አንዷ ናት።

«ከተነጠቅን በኋላስ ማኅተሙ ለማን ሊጠቅም ነው?» አልኩት።

ያን ሌሊት የተኛ አይመስለኝም። ጠዋት ሐኪሙ ሲመጣ አጎቴ መቁረጫውን ተቀብሎ ሽቦውን ራሱ ቆረጠው፤ ከዚያ ማየት አልቻለም፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ሽማግሌው ጎረቤቶቻቸውን ሁሉ አስከትለው መጥተዋል። ሐኪሙ የሱቃችን ወለል ላይ ካርቶን ዘርግቶ ቢጫዋን ብሎን በብሎን ፈታታት። «ይህን እዚህ የወተፈ ሰው እጅ የለውም» ይላል። «ይህቺን ለማውጣትማ የሕፃን ጣት ያስፈልጋል» ይላል። በሰደባት ቁጥር እኔ እሳቀቃለሁ፣ ገበሬዎቹ ግን ፊታቸው ይፈካል፤ የዘይት ፊልትሮዋን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ያሸቷታል። ስድስት ወር ሙሉ ሳሞግሳት አንድ ሰው ፈገግ ብሎልኝ አያውቅም!

ገጥሞ ሲጨርስ ካርቶኑ ላይ አንዲት ብሎን ቀረች።

ሁሉም ብሎኗን አየ፤ ከዚያ እኔን። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሐኪሙ ቁልፉን አዞረ። ተነሳች፤ ድምጿም ያው የድሮው ነው። ብሎኗን አንስቶ አገላብጦ አያትና «ቦታሽንማ አገኘዋለሁ» ብሎ እንደገና ሥሯ ገባ።

«መቼ ልውሰዳት?» አሉ ሽማግሌው።

አጎቴ ተደናገጠ። «ይህቺን? ይህቺማ ተፈታች እኮ! ዋስትናዋም ተሰርዟል። ያልተነካች አዲስ አስመጣልዎታለሁ።»

«ያልተነካችዋን ምን ላደርጋት? የተፈታችዋን ነው የምፈልገው።»

«የለም፣ እኔ ነኝ ቀድሜ ያየኋት!» አለ ከኋላ አንዱ፤ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ሽማግሌው ወሰዷት፤ ሌሎች ሁለት ገበሬዎች ደግሞ ከባሕር ማዶ እንድናስመጣላቸው አዘዙ፣ ሐኪሙ ፊታቸው ፈትቶ እንዲገጥምላቸው ቃል አስገብተውን።

ሰው ሁሉ ሲሄድ አጎቴ ወረቀት አወጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«ለአምራቾቹ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ደህና ትራክተር ልካችሁልን ነበር፤ ፈታተንን ሸጥናት በላቸው።»

ዕንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ብዕሩን ለእኔ ሰጠኝ፤ ልክ እንዳልኩት ጻፍኩት፣ እሱም ስሙን ፈረመበት።