በሌሶ የተሰፋው ቤት

ንዱኩ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቤት ስትሰፋ ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ናይሮቢ ውስጥ፣ ከወንዙ ዳር የቆርቆሮ ጎጆዎች ሠላሳ ስምንት ቤተሰብ ሊነሣ ነው። ማኅበራቸው ደጅ ጠንቶ ጠንቶ፣ አቅማቸው የሚችለውን ቤት የሚሠሩበት ቦታ አግኝቷል። ሰኞ በሚደረገው ስብሰባ የአካባቢው ባለግቢዎች ካልተስማሙ ግን ቦታው ለሌላ ይሰጣል፤ እነንዱኩም ሜዳ ላይ መቅረታቸው ነው። ባለግቢዎቹ የሚሰሟቸው ጡረተኛው መምህር ሮቲች ፕላኑን ሁለት ጊዜ አይተው፣ "ይሄ የድህነት ክምር ነው" ብለው መልሰውታል።

"ወረቀት ምን ያሳያል? ገብተው ይዩት!" አለች ንዱኩ።

የማኅበሩ ሴቶች ልማድ አላቸው፤ ቤት ከመሠራቱ በፊት በልኩ በጨርቅ ያቆሙታል። እያንዳንዷ የምታገለድመውን ሌሶ አዋጣች፤ ጎረቤቷ ኬሩቦማ የሠርጓን ሳይቀር። ንዱኩ ሦስት ቀን ሙሉ ሰፋች። ቅዳሜ ጠዋት በተገኘው ቦታ ላይ ምሰሶ ተተክሎ ጨርቁ ሲወጠር ኬሩቦ ድስቷን ይዛ ገባች፤ ዳሌዋ ግድግዳውን ነካው።

"አንቺ! ይሄ ማድቤት ነው የሬሳ ሣጥን?"

"ቤቱ አልጠበበም፣ አንቺ ነሽ የሰፋሽው" አለች ንዱኩ፤ ግን ምሰሶውን ነቅላ በአንድ ክንድ አሰፋችው። የራሷ ቤት ኖሯት የማያውቅ ሴት ለሌላው ማድቤት እንዲህ ስትጨነቅ እንዴት አትደነቅ!

እኩለ ቀን ላይ መምህር ሮቲች ከዘራቸውን እየወዘወዙ፣ ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው መጡ። ለጠብ እንደመጡ ፊታቸው ይናገራል። መግቢያው ላይ ሲደርሱ ግን ቀጥ ብለው ቆሙ። የዕድሜ ልክ ልማድ ነውና፣ አንዲት መጋረጃ ፊት፣ "ሆዲ!" ብለው ተጣሩ። ራሳቸውም ደነገጡ።

ሆዲ፣ ቤቶች ብሎ የተጣራ ሰው እንግዳ ነው፤ ካሪቡ፣ ግባ ሳይባል አይገባም፣ ከተባለ ደግሞ ሰው ቤት ገብቶ ጠብ አያነሣም።

"መልሺላቸው እንጂ! አፍሽ ተለጎመ እንዴ?" ኬሩቦ ጎሸመቻት።

ንዱኩ ወንዙ ዳር በኖረችበት ሃያ ዓመት ደጇ የሚመጣ ባለሥልጣን ሁሉ በሯን በእርግጫ ነበር የሚከፍተው።

"ካሪቡ፣ መምህር" አለች በመጨረሻ።

ገቡ። በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዙሪያውን አዩ። "መስኮቱ በምሥራቅ ቢሆን ይሻል ነበር" ብቻ ብለው ወጡ።

ሰኞ ስብሰባው ላይ አንዱ ባለግቢ፣ "መምህር፣ እዚያ ቦታ ላይ ቤት አይሠራም ብለን አልነበረም?" ሲላቸው ከመቀመጫቸው ተነሡ።

"ሆዲ ብዬ፣ ካሪቡ ተብዬ ገብቼበታለሁ" አሉ። "አሁን አይሠራም ብል የሰው ቤት ማፍረሴ ነው።"