የማያስለቅሰው ሽንኩርት

ልጄ ሁለት ከረጢት ሽንኩርት ተሸክማ ገባችና ወጥ ቤቱ ወለል ላይ አስቀመጠቻቸው።

«እማ፣ ቀቅዪው፣ ጥበሺው፣ እንደፈለግሽ አድርጊው» አለችኝ። «አልተሳካም።»

ይህ ሽንኩርት የመመረቂያ ጥናቷ ነው። በዩኒቨርሲቲው ማሳ ላይ ተክላ ስትንከባከበው ከርማለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ መምህራኗ ፊት ቆማ ውጤቷን ማስረዳት አለባት። እኔ ገና ዘሩ መሬት ሲገባ ይበሰብሳል ብዬ ነበር። አልበሰበሰም። የባሰ መጣ።

«ምኑ ነው ያልተሳካው?»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ተክል ሰልፌት የሚባለውን የድኝ ጨው በሥሩ ይጠጣል ብዬሽ አልነበር? እንዳለ ግን አይጠቅመውም። ኢንዛይሞች እየተቀባበሉ ይሠሩታል። የመጀመሪያው ያነቃዋል፣ ተከታዮቹ ኦክስጅኑን ይገፍፉታል፣ መጨረሻ ላይ ሽንኩርቱን ሽንኩርት የሚያሰኘው ኃይለኛ ሽታ ይወጣል። ቀይ ክር ያሰርኩበት ከረጢት ውስጥ ያለው፣ የመጀመሪያው ኢንዛይም ሰነፍ የሆነበት ዝርያ ነው ብዬ ነበር። እዪው እስቲ፤ በመጠንም በመልክም በሌላው ከረጢት ካለው ተራ ሽንኩርት አይለይም። ውስጡን የሚለካው ማሽን ደግሞ ተበላሽቷል። ምን ይዤ ልቅረብ?»

አባቷ ከበሩ ላይ፣ «እኔንም እናትሽ ሰነፍ ትለኛለች፤ በመልክ ግን ከጎረቤት አልለይም» አላት። አልሳቀችም። ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች።

ለእራት ሾርባ ከቀይ ክሩ ከረጢት አውጥቼ መላጥ ጀመርኩ። እኔ ሽንኩርት ስከትፍ ያየኝ ሰው ዘመድ የሞተብኝ ነው የሚመስለው። ያን ዕለት አንዱን ከተፍኩ፤ ሌላውን ደገምኩ፤ ዓይኔ እንደደረቀ ቀረ። ከዚህ በፊት ሐኪም ቤት ወረፋ ስጠብቅ አንዲት ሴትዮ፣ እንባ መድረቅ የመታወር መጀመሪያ ነው ብላኝ ነበር። ማን እጄን ይዞ እንደሚመራኝ ማሰብ ጀመርኩ።

«አንተ፣ ና እስቲ ዓይኔን እየው።»

«ምን ሆነ?»

«አያለቅስም።»

«ይህንን ቀን ስንት ዓመት ጠበቅሁት» አለና ከሌላው ከረጢት አንድ አውጥቶ አፍንጫዬ ሥር ለሁለት ከፈለው። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። «ይኸው ዳንሽ፤ የሐኪም ቤቱን ወጪ አተረፍኩልሽ።»

ደስ ብሎኝ ተጨማሪ አለቀስኩ። ጫጫታችንን ሰምታ ልጄ ወጣች። አንዴ መክተፊያውን፣ አንዴ እኔን አየች።

«የቱ ነው ያስለቀሰሽ?»

«አባትሽ የቆረጠው። የቀይ ክሩማ ውሃ ነው።»

ጎንበስ ብላ ሁለቱንም ተራ በተራ አሸተተች። አባቷ ከቆረጠው ላይ ቀና ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ፊቷ ግን ይስቅ ነበር።

«ላብራቶሪ ስትፈጪው አላወቅሽም እንዴ?» አልኳት።

«መነጽሬን አድርጌ፣ አየር መሳቢያው ሥር ነዋ የምፈጨው። በምን ልወቅ?»

ያንን ዙሪያውን ግጥም የሚል መነጽር የገዛሁላት እኔ ነኝ። አሲድ ዓይኗ ይገባል ብዬ፣ በሞቴ ለአፍታም እንዳታወልቂው ብያታለሁ። ቤት ውስጥም ቢላ ይቆርጣታል እያልኩ ሽንኩርት አስከትፌያት አላውቅም። አባቷ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ድስቱን ማማሰል ጀመርኩ፤ ገና ምንም ባይገባበትም።

«ነገ የክፍል ጓደኞቼን የቱ ከየትኛው ከረጢት እንደሆነ ሳልነግራቸው አስከትፋቸዋለሁ» አለች። «ማሽኑ እስኪጠገን የነሱን እንባ ይዤ እቀርባለሁ።»

«ካላለቀሱስ?»

«እማ።»

«እሺ፣ እሺ።»

«መጀመሪያ ግን ራሴ ልሞክረው።» እጇን ለቢላው ዘረጋች።

ትንሿን፣ ደነዟን መርጬ ሰጠኋት። ጣትሽን አደራ አልኳት፤ መነጽር አምጪ ግን አላልኩም። አጠገቤ ቆማ የሌላውን ከረጢት ሽንኩርት ስትከትፍ እንባዋ እስከ አገጯ ወረደ፤ እኔም ሳላብስላት ተውኩት።