ያበላሸኋቸው ቁልፎች

የባለሽቶዋ ሱቅ መዝጊያው ሳይነካ ተዘርፎ ባደረ ማግስት የሰፈሩ ዓይን ሁሉ እኔ ላይ አረፈ። ቁልፍ ቀራጭ ነኛ! በር ሳይሰበር ከተከፈተ ሌላ ማን ይጠረጠራል? ባለቤቴ "ሱቁን ዝጊና እህትሽ ጋ ሂጂ፤ ከያዙሽ አለቀልሽ" እያለ ነዘነዘኝ። አልፈርድበትም። ድሮ ያለ ጥፋቱ ደብድበው ከለቀቁት ወዲህ በፖሊስ ጣቢያው በር አልፎ አያውቅም፤ በጀርባ መንገድ ዞሮ ነው የሚሄደው።

ሌባውንማ ሳልጠረጥር አልቀረሁም። በቀደም አንዱ ቁልፍ የታተመበት ሳሙና ይዞ "ቅረጪልኝ" ቢለኝ አባርሬዋለሁ። መልኩንም ቤቱንም አውቃለሁ። ግን ለማን ልናገር? ምስክር ሆኖ የገባ ተከሳሽ ሆኖ ሲወጣ አይተናል።

ይባስ ብዬ ቂል ሥራ ሠራሁ። ቁልፍ ቀራጭ ያበላሸውን ቁልፍ አይጥልም፤ አንድ ቀን ለሌላ ይሆናል ብሎ ሳጥን ውስጥ ያጠራቅማል። ይህን ሁሉ ቁልፍ አይተው ጉድ እንዳያደርጉኝ ብዬ ሳጥኑን ኮርኒስ ውስጥ ወሸቅሁት። ሱቄን ሊፈትሽ የመጣው መርማሪ ፖሊስ መጀመሪያ ያገኘው እሱን!

"ይቀመጡ" አለና ወንበር ሳበልኝ። "ለምን ደበቁት?"

"እናንተን ፈርቼ ነዋ!" አመለጠኝ።

ይጮህብኛል ስል ሳጥኑን ከፍቶ ቁልፎቹን አገላበጠ። ከዚያ፣ "ይገባኛል። አሁን ባለሽቶዋ በር ላይ እንሞክራቸዋለን፤ እርስዎም ቆመው ያያሉ" አለኝ።

ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ሞከረ፤ አንዱም አልዞረም። እዚያው ጥሎት ቢሄድ ማን ይናገረው ነበር? እሱ ግን ሳጥኑን ራሱ ተሸክሞ ሱቄ ድረስ መለሰልኝ። ሁሉም እየሰማ፣ "እኚህ ሴት ላይ ምንም አላገኘንም። ሳጥኑን የደበቁት እኛን ፈርተው ነው፤ ጥፋቱ የእኛ ነው" አለ። ከጠዋት ጀምሮ ፊቷን ያዞረችብኝ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ "እኔማ ድሮም አውቅ ነበር!" ብላ ተጠመጠመችብኝ። አይ ሰው!

ባለቤቴ "ተመስገን፤ በይ አሁን አፍሽን ዘግተሽ ተቀመጪ" አለኝ።

ሱቁን ቆለፍኩ።

"ወዴት ነው?"

"ጣቢያ። ስለ ሳሙናው ልነግረው።"

"ማን ጠራሽ?"

"ማንም።"

ትንሽ እንደሄድኩ "ቆይ እንጂ!" ሲል ሰማሁት። ከኋላዬ ደርሶ እጄን ያዘኝ። መንታ መንገዱ ጋ ስንደርስ ለጀርባው መንገድ ሳይዞር ከእኔ ጋር ቀጥ ብሎ ሄደ።