ኤክስ ብቻውን ሲቀር

ለመላው የሰፈሩ ነዋሪ በጥልቅ ሐዘን እንገልጻለን፦ የሒሳብ መምህሩ የግራ ጎን ፀጉር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በድንገት ከዚህ ዓለም ተለይቷል። የቀኙም ብዙ አልቆየም፤ ተከተለው።

የነገሩ ሁሉ መነሻ ፀጉር አስተካካዩ ነው። ሰውዬው በማታ ስምንተኛ ክፍል ይማራል፤ ሌላውን ሁሉ አልፎ በዚሁ መምህር ሒሳብ ላይ ወድቋል። የማታው ክፍል ደግሞ ሊዘጋ ነው። ድጋሚ ፈተናውን ካላለፈ በሚቀጥለው ዓመት ከቀን ተማሪዎች ጋር ይቀመጣል፤ ማለትም ከገዛ ልጁ ጋር።

«አባዬ፣ ክፍላችን ከመጣህ አላውቅህም፣ አታውቀኝም» አለችው ልጁ የዚያው ቅዳሜ ጠዋት።

«እኔ እኮ ነኝ የወለድኩሽ!»

«እሱን እቤት እንነጋገራለን። አሁን ኤክስን ብቻውን አስቀርልኝ። ሦስት ኤክስ ሲደመር አራት፣ እኩል ይሆናል አሥራ ዘጠኝ።»

አባት አራቷን ከግራ ነቅሎ ጣለ፤ ቀኙን ረሳው። ሁልጊዜም የሚረሳው ቀኙን ነው።

«ኧረ አባዬ! ከግራ የቀነስከውን ከቀኝም ትቀንሳለህ! ደንበኛህን ግማሹን አስተካክለህ ትሸኘዋለህ እንዴ?»

ይቺ ነገር ልቡ ውስጥ ገባች። ከልክ በላይ ገባች።

ከሰዓት በኋላ መምህሩ ፀጉር ቤቱ መጣና መነጽሩን አውልቆ ወንበሩ ላይ ተደላደለ። ያለ መነጽር፣ መስታወቱ ለእሱ ጭጋግ ነው።

«ዳር ዳሩን ብቻ ነካ ነካ አድርግልኝ። እስከዚያ በቃል ልፈትንህ፤ ካወቅከው አልፈሃል፣ ወረቀትም አያስፈልግህም። አምስት ኤክስ ሲደመር ሁለት፣ እኩል ይሆናል ሃያ ሁለት።»

ፀጉር አስተካካዩ ማሽኑን አስነሳ።

«ሁለቷን ከግራ አነሳለሁ» አለ። ማሽኑም ከግራ ጆሮ ተነስቶ ሽቅብ ነጎደ።

«ከዚያስ?»

«ከቀኝም ሁለት!» ዥዥዥ።

«ጎበዝ! እንዲህ ነው እንጂ!»

ወረፋ የያዙት ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ያያሉ። እንዲህ ያለ ትምህርት በነፃ አይገኝም፤ ማን ያቋርጣል?

«አምስት ኤክስ እኩል ይሆናል ሃያ። ግራውን ለአምስት…» ዥዥዥ። «ቀኙንም ለአምስት…» ዥዥዥ። «አራት! ኤክስ ብቻውን ቀረ፣ መምህር!»

«አልፈሃል!» አለ መምህሩ፤ መነጽሩንም አጠለቀ።

መስታወቱ ውስጥ፣ አናቱ መሃል ላይ፣ አንዲት ቁንጮ ፀጉር፦ ኤክስ ብቻውን ቆሟል።

ፀጉር አስተካካዩ ማሽኑን ከጀርባው ደበቀ። መምህሩ ቃሉን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሰጥቷል፤ ስሌቱ ላይ ደግሞ እንከን አጣበት።

«መልሱ ትክክል ነው» አለ በመጨረሻ፣ ከጉድጓድ በሚወጣ ድምፅ። «እሱንም አንሳው።»

ሰኞ ጠዋት ራሱን እንደ እንቁላል ተላጭቶ የቀን ተማሪዎቹ ክፍል ገባ። የፀጉር አስተካካዩ ልጅ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ አባዬ አለፍኩ አለኝ፤ እንዴት እንዳለፈ ስጠይቀው ግን ይስቃል። እርስዎም ደግሞ ፀጉርዎ…»

«አላብራራም» አለ መምህሩ። «መጽሐፍ ግለጡ።»